ፓምፑ ከመገዛቱ በፊት፤ በይፋት ቆላ የውኃ መግፊያ ቧንቧዎች አነዳደፍና አተካከል

በድርቅ ለሚጠቁ ወረዳዎች ከሚቀርቡት የማቋቋሚያ መሣሪያዎች መካከል የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እህል የተሰፈረለት ቤተሰብ የተሰጠውን በልቶ ሲጨርስ እንደገና እጁን ይዘረጋል፤ ማሳውን በበጋ ማጠጣት የቻለ ቤተሰብ ግን የበልጉ ዝናብ ቢቀርበትም ከቀየው ሳይነቀል ዓመቱን ይሻገራል። ይሁን እንጂ ፓምፕ ተገዛ ማለት ውኃ ተገኘ ማለት አይደለም። በየወንዙ ዳር ተተክለው ዝገት የሚበላቸው ወይም እየሠሩም ከታሰበላቸው ማሳ ግማሹን እንኳ ማጠጣት የተሳናቸው ፓምፖች በሚመረመሩበት ጊዜ፣ ጉድለቱ ደጋግሞ የሚገኘው ከሞተሩ ጋር በተያያዘው ቧንቧ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቧንቧ አነዳደፍና አተካከል መሠረታዊ ደንቦችን ለወረዳ ኃላፊዎች፣ ለግዥ ሠራተኞችና ለዕርዳታ ድርጅቶች የመስክ ባልደረቦች ማስረዳት ነው። ዝርዝር ስሌቱን የሚሠራው መሐንዲሱ ቢሆንም፣ የቧንቧውን ስፋት በገንዘብ ጥያቄ ሰነድ ላይ የሚወስነው፣ ሥራውንም ተረክቦ የሚፈርመው ኃላፊው በመሆኑ ነገሩን ማወቅ ለእርሱም ይገባዋል።

የአካባቢው ሁኔታ

አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የምትገኝ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከእርሷ በስተደቡብ፣ በቀወት ወረዳ፣ ሸዋ ሮቢት ትገኛለች። ተጓዡ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ሲወርድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከሚበልጠው ደጋ ተነሥቶ በአጭር ርቀት ውስጥ 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የሸዋ ሮቢት ቆላ ይደርሳል። የአጣዬ ከተማ ከፍታ ከዚህ ጥቂት ከፍ ይላል። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬና ሌሎችም ወንዞች ከዚሁ ደጋ ተነሥተው በቆላው ውስጥ እያለፉ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ።

የወንዞቹ ጠባይ ከመሬቱ አቀማመጥ የመጣ ነው። ቁልቁለቱ ብርቱ፣ ርቀቱም አጭር በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ በደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አሸዋ፣ ድንጋይና ግንድ ተሸክሞ ቆላው ላይ ይደርሳል። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ያው ወንዝ በአሸዋ መካከል የሚንቆረቆር ቀጭን ውኃ ይሆናል። ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያበቅለው የቆላው ገበሬ ኑሮ በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል የተንጠለጠለ ነው።

ቀድሞ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ይባል የነበረው ይህ አካባቢ በድርቅ ታሪክ የታወቀ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረሃብ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በተደገመ ጊዜ የሰሜን ሸዋ ቆላዎችም ክፉኛ ተጎዱ፤ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም እንዲሰፍሩ ከተወሰዱት ስድስት መቶ ሺህ ገደማ ሰዎች መካከል ከወሎና ከትግራይ ሌላ ከሰሜን ሸዋ የተነሡም ነበሩበት። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ አጣዬ በግጭትና በቃጠሎ ከባድ ጥፋት ደርሶባት ብዙ ነዋሪዎች ተፈናቅለዋል። ሰው በድርቅም ይሁን በሌላ ምክንያት ከቀየው ሲነሣ፣ ወይም ወደ ቀየው ሲመለስ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ውኃ ነው። ስለዚህ በዚህ ስፍራ የሚተከል አንድ የውኃ መስመር ሠርቶ መገኘቱ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የተመሠረተበት ጉዳይ ነው።

ቧንቧ ምን ይበላል?

ፓምፑ የሚሠራው ሥራ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ውኃውን ከዝቅተኛው ስፍራ ወደ ከፍተኛው ማንሣት ነው። ይህን ማንም በዓይኑ አይቶ ይገምተዋል። ሁለተኛው ውኃው በቧንቧው ውስጥ ሲያልፍ ከግድግዳው ጋር በመፋተግ የሚያባክነውን ጉልበት መተካት ነው። ይህ በዓይን አይታይም፤ የሚረሳውም ስለማይታይ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በቧንቧ ውኃ ባስገባ ጊዜ፣ ውኃው ከእንጦጦ ግርጌ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሽቅብ መውጣቱ ብዙ ሰው አስደንቆ ነበር። ሆኖም ውኃው የወጣው ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ ስለነበረ ነው። በይፋት ቆላ ግን ወንዙ ከማሳው በታች ነው። ስለሆነም ያ የከፍታ ልዩነትም ሆነ በመንገድ የሚባክነው ጉልበት በናፍጣ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል መሸፈን አለበት።

ለማስረዳት ያህል የሚከተለው ስሌት ይወሰድ። አንድ ፓምፕ በሰከንድ 20 ሊትር ውኃ ከወንዝ ስቦ በ400 ሜትር ቧንቧ አማካይነት፣ ከበጋው የውኃ ወለል 18 ሜትር ከፍ ወዳለ የቦይ ራስ እንዲያደርስ ተፈልጓል። ይህ መጠን በቀን ለ8 ሰዓት ቢሠራ 576 ሜትር ኩብ ውኃ ይሰጣል። ለአንድ ሄክታር በቀን 80 ሜትር ኩብ ቢታሰብ ወደ 7 ሄክታር ገደማ ያጠጣል ማለት ነው።

ቧንቧው የ150 ሚሊ ሜትር ውስጣዊ ስፋት ቢኖረው ውኃው በሰከንድ 1.1 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ400 ሜትር ርቀት በሰበቃ የሚባክነውም ከ4 ሜትር ከፍታ ያነሰ ነው። የ125 ሚሊ ሜትር ቢሆን ብክነቱ ከ9 ሜትር ያልፋል። የ100 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 2.5 ሜትር፣ ብክነቱም 27 ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። ይህም ውኃው በእርግጥ ከሚነሣበት ከ18 ሜትሩ ከፍታ የበለጠ ነው። የቧንቧው ስፋት በአንድ ሦስተኛ ሲቀንስ ብክነቱ ሰባት እጥፍ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ከዚህ ላይ የመሳቢያው ቧንቧ፣ የጎሚቶዎችና የባልቦላዎች ብክነት ሲደመር፣ በሰፊው ቧንቧ ጠቅላላው የመግፊያ ከፍታ 22.5 ሜትር፣ በጠባቡ ደግሞ 48 ሜትር ገደማ ይሆናል። የፓምፑ ብቃት 60 ከመቶ ቢሆን የመጀመሪያው 7.4 ኪሎ ዋት፣ ሁለተኛው 15.7 ኪሎ ዋት ጉልበት ይጠይቃል። ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ናፍጣ ቢታሰብ፣ በ8 ሰዓት ሥራ አንዱ 18 ሊትር ሲፈጅ ሌላው 38 ሊትር ይፈጃል። በ120 የበጋ ቀናት ልዩነቱ 2400 ሊትር ነው። ይህን ናፍጣ የሚገዛው ቧንቧውን የለገሰው ድርጅት ሳይሆን ገበሬው ነው። በቧንቧ ግዥ ላይ አንድ ጊዜ የተቆጠበው ገንዘብ በየበጋው ከገበሬው ኪስ ይወጣል፤ ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ደግሞ ፓምፑ ይቆማል።

ከዚህም የባሰ የሚሆነው ለ22.5 ሜትር የተመረጠ ፓምፕ ከ100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ጋር ሲገጠም ነው። ፓምፑ ተጨማሪውን ከፍታ ለመግፋት አቅም ስለሌለው የሚሰጠው ውኃ፣ እንደ ፓምፑ ዓይነት፣ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። በወረቀት ላይ 7 ሄክታር የነበረው 3 ሄክታር ተኩል ይሆናል። ከቦዩ ጫፍ ያሉት አባወራዎች ዘርተው ውኃ ሳይደርሳቸው ይቀራል፤ ጠቡም የሚነሣው ከላይና ከታች ባሉት ውኃ ተጠቃሚዎች መካከል ነው። ጉዳዩ በሽማግሌ ፊት ሲቀርብ እንደ ጎረቤታሞች ጠብ ይታያል፤ ምንጩ ግን የቧንቧ ስፋት ነበር።

በመሳቢያው በኩል ያለው ገደብ

ፓምፕ ውኃን ይስባል ቢባልም፣ በእርግጥ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በወንዙ ወለል ላይ የተጫነው አየር ነው። ፓምፑ የሚያደርገው በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ክብደት ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ያህል ሊያነሣ ይችላል። በሸዋ ሮቢት ከፍታ ግን 8.8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በፋብሪካው መመሪያ ላይ የተጻፈው የመሳቢያ ጥልቀት በአብዛኛው ለባሕር ወለል የተሰላ በመሆኑ፣ እንዳለ ተወስዶ ሲሠራበት ስህተት ይፈጠራል።

ከ8.8 ሜትሩም ሁሉ አይገኝም። ውኃው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ ለመትነን ካለው ዝንባሌ የተነሣ 0.4 ሜትር ይቀነሳል። ፓምፑ ራሱ በመግቢያው ላይ የሚጠይቀው ትርፍ ግፊት 3 ሜትር ቢሆን እርሱም ይቀነሳል። ለጥንቃቄ ግማሽ ሜትር ይያዛል። የቀረው የመሳቢያው ቧንቧ ብክነት ነው። ከላይ ለተጠቀሰው 20 ሊትር፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው የ150 ሚሊ ሜትር መሳቢያ ከወንፊቱና ከእግር ባልቦላው ጋር 0.3 ሜትር ሲያባክን፣ የ100 ሚሊ ሜትሩ 1.7 ሜትር ያህል ያባክናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ፓምፑ ከውኃው ወለል እስከ 4.6 ሜትር፣ በሁለተኛው ግን እስከ 3.2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል።

ይህ ገደብ ሲጣስ ውኃው በፓምፑ ውስጥ ይፈላል። የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ግፊቱ ከፍ ወዳለበት ክፍል ሲደርሱም በኃይል ይፈነዳሉ። ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲንኳኳ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። የውኃው መጠን ይቀንሳል፤ የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍልም በጥቂት ወራት ውስጥ በምስጥ እንደ ተበላ እንጨት ይቦረቦራል።

በድርቅ አካባቢ ይህ ነገር የተለየ ትርጉም አለው። ፓምፑ የተተከለው በጥቅምት፣ ወንዙ ገና ሞልቶ ሳለ ከሆነ፣ በርክክቡ ዕለት ሁሉም ደስ ብሎት ይመለሳል። በግንቦት የውኃው ወለል አንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ ግን ያው ፓምፕ ይንኳኳል ወይም ጨርሶ አይስብም። ይኸውም ሰብሉ ውኃ አጥብቆ በሚፈልግበት ወቅት መሆኑ ነው። ስለሆነም የመሳቢያው ስሌት በበጋው መጨረሻ በሚታየው ዝቅተኛ ወለል ላይ መመሥረት ይኖርበታል። ይህን ወለል የሚያውቁት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ክፉ የድርቅ ዘመን ወንዙ እስከ የት ወርዶ እንደነበር በድንጋይና በዛፍ ሥር እያመለከቱ ያሳያሉ። ንድፉ ከመጀመሩ በፊት እነርሱን መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ያልተናነሰ ልኬት ይሰጣል።

በጎርፍና በበጋ መካከል

በይፋት ወንዞች ላይ ነዳፊው በሁለት ገደቦች መካከል ይያዛል። ፓምፑ ከበጋው ወለል ከ4 ሜትር ተኩል ገደማ በላይ ከራቀ አይስብም፤ ወደ ወንዙ ከቀረበ ደግሞ በነሐሴ ጎርፉ ይወስደዋል። መፍትሔዎቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፓምፑን በጎማ ወይም በበረዶ መንሸራተቻ መሰል የብረት እግር ላይ አድርጎ በክረምት ወደ ላይ መጎተት ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ቋሚው ቧንቧ ከወንዙ በላይ በፍላንጅ ተዘግቶ መቅረት አለበት፤ ተነቃዩ ክፍልም አጭር መሆን ይገባዋል። ሁለተኛው ከጎርፉ መንገድ ራቅ ብሎ ግድግዳው የተገነባ የመሳቢያ ጉድጓድ መቆፈርና ከወንዙ ጋር በአሸዋ ሥር በተቀበረ ባለ ቀዳዳ ቧንቧ ማገናኘት ነው። በዚህ ዘዴ ውኃው በአሸዋ ተጣርቶ ስለሚገባ ፓምፑ ከመበላት ይድናል። ሦስተኛው በጉድጓዱ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ ማውረድ ሲሆን፣ ይህ የመሳቢያን ችግር ጨርሶ ያስቀራል፤ ኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል ግን ይፈልጋል።

ትላልቅ ድርጅቶችም ከዚሁ ጥያቄ አላመለጡም። በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ የሸንኮራ ማሳውን የሚያጠጣው ከአዋሽ በፓምፕ በሚነሣ ውኃ ነው። የፓምፑ ቤት አሠራር፣ የውኃው መግቢያ ንጽሕናና የደለል አያያዝ በዚያም የዘወትር ሥራ ነው። ልዩነቱ በፋብሪካ ውስጥ ሙሉ የጥገና ክፍል ሲኖር፣ በገበሬው ማሳ ላይ ግን አንድ ሠልጣኝና አንድ የመፍቻ ሣጥን ብቻ መኖራቸው ነው። ስለዚህ ለገበሬ የሚነደፈው መስመር ከፋብሪካው ይልቅ ስህተትን የሚታገሥ መሆን አለበት።

አተካከል

የመሳቢያው ቧንቧ ከወንዙ ጀምሮ እስከ ፓምፑ ድረስ ያለማቋረጥ ሽቅብ እየወጣ መሄድ አለበት። በየ100 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ዘመም ይበቃል። መካከል ላይ ጉብታ ከተፈጠረ አየር እዚያ ይታጎራል፤ ውኃውም ይቆረጣል። በዚሁ ምክንያት ሰፊው መሳቢያ ወደ ጠባቡ የፓምፕ አፍ በሚገናኝበት ስፍራ የሚገባው ማጥበቢያ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ሆዱ ዘመም ያለ መሆን ይገባዋል። በተለመደው ባለ እኩል ማጥበቢያ አናት ላይ የአየር ከረጢት ይቀራል። ጎሚቶ በቀጥታ ከፓምፑ አፍ ላይ አይገጠምም፤ ውኃው ተረጋግቶ እንዲገባ ከቧንቧው ስፋት ቢያንስ አምስት እጥፍ የሚሆን ቀጥተኛ ርዝመት ይተዋል። የወንፊቱ ቀዳዳዎች ጠቅላላ ስፋት ከቧንቧው አፍ ሦስት ወይም አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል።

በመግፊያው በኩል ከፓምፑ ቀጥሎ የማይመልስ ባልቦላ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ሳራሲኔስካ ይገጠማል። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ የማይመልሰው ባልቦላ ሲበላሽ ሳራሲኔስካው ተዘግቶ፣ መስመሩ ውኃውን እንደያዘ መጠገን ይቻላል። የግፊት መለኪያ በፓምፑና በባልቦላው መካከል ይቀመጣል። ዋጋው ትንሽ ቢሆንም፣ መስመሩ መታፈኑን ወይም ፓምፑ መድከሙን አስቀድሞ የሚናገረው እርሱ ነው።

ቧንቧ በፓምፕ ላይ አይንጠለጠልም። በውኃ የተሞላ የ150 ሚሊ ሜትር የብረት ቧንቧ ከባድ በመሆኑ፣ ክብደቱ በፓምፑ ፍላንጅ ላይ ካረፈ ዘንጉ ይጣመማል፤ ኩሽኔታው ይበላል፤ ውኃ ማገጃውም ያፈሳል። ቧንቧው በራሱ የኮንክሪት መደገፊያ ላይ መቀመጥ አለበት። ቀላል መፈተኛ አለ፤ ፍላንጆቹ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ቡሎኖቹ ያለ መዶሻ፣ በእጅ ብቻ የሚገቡ ከሆነ አተካከሉ ደኅና ነው። ቧንቧው በሰንሰለት ተጎትቶ ከመጣና ቡሎኑ በመዶሻ ከገባ፣ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ፓምፑ ይጎዳል።

መስመሩ በሚታጠፍበት ስፍራ ሁሉ ውኃው ጎሚቶውን ወደ ውጭ ይገፋል። በ150 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ የ5 ባር ግፊት ቢኖር፣ በ90 ዲግሪ መታጠፊያ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ1200 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ ነው። ስለዚህ ተሰኪ የፕላስቲክ ቧንቧ በተዘረጋበት መስመር ከጎሚቶው ጀርባ፣ ያልተነካ አፈር ላይ የተደገፈ የኮንክሪት ግንብ ካልተሠራ መጋጠሚያው ይለያያል።

የፕላስቲክ ቧንቧ በቆላ ፀሐይ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም። በመሆኑም ከብትና ማረሻ በማይደርሱበት ጥልቀት፣ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከሥሩ የነጠረ አሸዋ ተነጥፎለት ሊቀበር ይገባዋል። በመሬት ላይ የሚዘረጋ 100 ሜትር የብረት ቧንቧ የሙቀቱ ልዩነት 30 ዲግሪ ሲሆን 36 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ መደገፊያዎቹ ሊያንሸራትቱት የሚችሉ መሆን አለባቸው። በመስመሩ ከፍተኛ ነጥቦች ላይ የአየር ማስወጫ፣ በዝቅተኛ ነጥቦች ላይ የደለል ማጠቢያ ባልቦላ ይቀመጣል።

ድንገት የሚቆም ውኃ

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ወይም ባልቦላ በችኮላ ሲዘጋ፣ በቧንቧው ውስጥ በመጓዝ ላይ ያለው የውኃ ዓምድ በድንገት ይቆማል። ጉዞው ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ይህም የውኃ መዶሻ ይባላል። በሰከንድ 1.1 ሜትር በሚጓዝ ውኃ፣ በብረት ቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረው ተጨማሪ ግፊት ከ130 ሜትር ከፍታ በላይ ሊደርስ ይችላል። በ100 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ፣ ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ በመሆኑ፣ ግፊቱም ከእጥፍ በላይ ነው። ጠባብ ቧንቧ ናፍጣ ከማባከኑ ሌላ ራሱንም የሚሰብርበት ምክንያት ይህ ነው። መከላከያው ፍጥነቱን ከ1.5 ሜትር እንዳያልፍ አድርጎ መንደፍ፣ ሳራሲኔስካውን ቀስ ብሎ ማዞር፣ ቶሎ የሚከደን የማይመልስ ባልቦላ መምረጥ፣ በረጅም መስመር ላይም የአየር በርሜል መግጠም ነው። ፍጥነቱ ከ0.6 ሜትር በታች ሲወርድ ደግሞ አሸዋው በቧንቧው ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ንድፉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ሊውል ይገባል።

ከግዥ ጋር የተያያዙ ጉዳዮች

ዕርዳታ ከተለያዩ አገሮች ሲመጣ ዕቃውም ልዩ ልዩ መለኪያ ይዞ ይመጣል። የእንግሊዝና የአሜሪካ የቧንቧ ጥርሶች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የአንዱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የሌላው 60 ዲግሪ ስለሆነ ግን ጥቂት ዞረው ይነክሳሉ፤ ከዚያም ያፈሳሉ። በመሳቢያው በኩል ሲሆን ውኃ አይንጠባጠብም፤ በምትኩ አየር ይገባል፤ ፓምፑም ያለምንም የሚታይ ምክንያት አልስብ ይላል። የ100 ሚሊ ሜትር ፍላንጅም እንዲሁ ነው። በአውሮፓው የ16 ባር መለኪያም፣ በአሜሪካው የ150 ክፍል መለኪያም ስምንት ቀዳዳ አለው፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ በአንዱ 180፣ በሌላው 190.5 ሚሊ ሜትር በመሆኑ አይገናኙም። አንድ ወረዳ አንድ መለኪያ መርጦ ለለጋሾቹ ሁሉ አስቀድሞ ቢያስታውቅ ብዙ ዕቃ ከመጋዘን ይወጣል።

ሞተሩም ከፍታን ይፈራል። ተራ የናፍጣ ሞተር፣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በ1300 ሜትር ከፍታ ከተጻፈበት ጉልበት ከ12 እስከ 15 ከመቶ ያህል ያጣል። ሙቀቱም ተጨማሪ ይቀንስበታል። ስለዚህ 7.4 ኪሎ ዋት ለሚጠይቅ ፓምፕ የ10 ኪሎ ዋት ሞተር መምረጥ ብክነት አይደለም። በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ፓምፕም የቧንቧው ስፋት ዋጋ አለው፤ በሰበቃ የሚባክነው እያንዳንዱ ሜትር ተጨማሪ የፀሐይ ሰሌዳ ያስገዛል።

ለተፈናቃዮች መጠለያ የመጠጥ ውኃ ሲሆን ስሌቱ ቀላል ነው። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ዕርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለአንድ የቧንቧ አፍም ቢበዛ 250 ሰው ይደነግጋል። ለ10000 ሰው 150 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ ይህም በሰከንድ 5 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ ከ8 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ የሚሞላው ነው፤ የቧንቧ አፉም ከ40 ማነስ የለበትም። ከዚህ ያነሰ ሲሆን ውኃ ቢኖርም እናቶች ሌሊት ተነሥተው ወረፋ ይይዛሉ፤ ሕፃናትም ከትምህርት ይቀራሉ።

በርክክብ ጊዜ ሊጠየቁ የሚገባቸው

ሥራውን የሚረከብ ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ቢያጣራ ተገቢ ይሆናል።

1. የመሳቢያው ከፍታ የተሰላው በበጋው መጨረሻ ወለል ላይ መሆኑን፤
2. ውኃው በመድረሻው ላይ በበርሜልና በሰዓት ተለክቶ የታሰበውን መጠን መስጠቱን፤
3. መስመሩ ከሥራ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ተኩል በሚበልጥ ግፊት ከመቀበሩ በፊት መፈተኑን፤
4. የፍላንጅ ቡሎኖች በእጅ የሚገቡ መሆናቸውን፤
5. ቧንቧዎችና ባልቦላዎች ያሉበትን የሚያሳይ ካርታ፣ ትርፍ ጓርኒሲዮንና መፍቻ ለውኃ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር መሰጠቱን፤
6. የናፍጣ፣ የሰዓትና የግፊት መመዝገቢያ መዝገብ ተከፍቶ ጸሐፊ መመደቡን።

ይህ መዝገብ ቀላል ቢመስልም ትልቅ አገልግሎት አለው። ናፍጣው ሲጨምርና ውኃው ሲቀንስ በመዝገቡ ላይ ከሳምንታት በፊት ይታያል። ገበሬው ሽንኩርቱ ጠውልጎ ወደ ወረዳ አቤት ከማለቱ አስቀድሞ ወንፊቱ ሊጸዳ፣ ጓርኒሲዮኑ ሊለወጥ ይችላል።

ድርቅ የሚመጣበትን ዓመት መከልከል አይቻልም። በግንቦት ወር ወንዙ ሲሳሳ ፓምፑ መሳቡ ወይም አለመሳቡ ግን ከወራት በፊት፣ በጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ የቧንቧው ስፋት በሰነድ ላይ በተጻፈበት ቀን የተወሰነ ነው። ያን ቀን በበጋው ወለል ላይ የተመሠረተ ልኬት በጠረጴዛው ላይ ከነበረ፣ የአጣዬና የሸዋ ሮቢት ገበሬ በሰኔ መባቻ ማሳው ላይ ይገኛል እንጂ የዕርዳታ ሰልፍ ላይ አይገኝም።